ያልተቆለፈ ፊደል፤ የግዕዝ ጽሕፈት መሣሪያዎች ከብራና እስከ ኮምፕዩተር

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ መካነ ሰላም ከደረሰ በኋላ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ እያዘነበለ ይሄዳል። ወግዲ የሚገኘው በዚሁ በወሎ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ዓባይ ከጎጃም በሚለየው አገር ነው። የዚህ አገር ገበሬ የሚያርሰው ከሞፈር፣ ከቀንበር፣ ከድግር፣ ከእርፍና ከማረሻ በተገጣጠመ መሣሪያ ነው። ሞፈሩ ቢሰበር ገበሬው ራሱ እንጨት መርጦ፣ ጠርቦና አቅንቶ ይተካዋል፤ ማሰሪያው ቢላላ ያጠብቀዋል፤ ድግሩ ቢያልቅ ሌላ ይቀርጻል። ከሌላ ሰው እጅ የሚጠብቀው ብረቱን ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም ቢሆን የሚቀጠቅጠው የአካባቢው ባለ እጅ ነው። ይህን መሣሪያ ማን እንደ ፈለሰፈው የሚታወቅ ነገር የለም። አባት ለልጁ ሲያወርስ የሚያስተላልፈው ዕቃውን ከነአሠራሩ ነው።

የመሣሪያው አሠራር በተጠቃሚው እጅ መሆኑ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያስረዳ አብነት በአገሪቱ የእርሻ ልማት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በስዊድን እርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ከማቅረቡ ጋር የተሻሻሉ የእርሻ መሣሪያዎችንም ለማስፋፋት ሞክሮ ነበር። ዘሩና ማዳበሪያው ተቀባይነት ሲያገኙ አዲሶቹ ማረሻዎች ግን እምብዛም አልተስፋፉም። ዋጋቸውና በበሬዎቹ ላይ የሚጥሉት ክብደት አንዱ ምክንያት ነበር፤ ሲሰበሩ በቀላሉ በመንደር እጅ አለመጠገናቸው ደግሞ ሌላው። ገበሬው አዲስ ነገር ጠልቶ ነው የሚለው ፍርድ ስለዚህ ትክክል አይሆንም። ገበሬው ያመዛዘነው መሣሪያው በተበላሸ ማግስት ማን እጅ ላይ እንደሚወድቅ ነው።

በዘመናችን በኮምፕዩተርና በእጅ ስልክ ዙሪያ የሚካሄደው ክርክርም በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። የኮምፕዩተር ፕሮግራም የሚሠራው ሰው በጻፈው የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ ይህም ጽሑፍ ምንጭ ይባላል። ታላላቅ ኩባንያዎች የሚሸጧቸውና በገበያ የተለመዱት ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ምንጫቸው የተዘጋ ነው። ገዢው ይገለገልባቸዋል እንጂ ከፍቶ አያያቸውም፣ እንደ ፍላጎቱ አያሻሽላቸውም፣ ለጎረቤቱም ቀድቶ እንዲሰጥ አይፈቀድለትም። ክፍት ምንጭ የሚባሉት ደግሞ ከነትእዛዝ ጽሑፋቸው የሚታደሉ፣ ማንም እንዲመረምራቸው፣ እንዲያርማቸውና እንዲያካፍላቸው ፈቃድ የተሰጠባቸው ናቸው። ነገሩ ከሩቅ የሚሰማ የባለሙያዎች ክርክር መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ኢትዮጵያን በቅርብ የነካበት አንድ ገጽታ አለ፤ እርሱም የፊደሏ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ከቁም ጸሐፊ እጅ ወጥቶ ወደ ማሽን በገባ ጊዜ ሁሉ የመሣሪያው ባለቤት ማን እንደሆነ የሚለው ጥያቄ ተነሥቷል። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. የሚል ያልተጨመረባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቁም ጸሐፊው ሕግ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ጽሕፈት ረጅም ዕድሜ አለው። በሳይንት የምትገኘው ጥንታዊቷ ተድባበ ማርያም የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው ከቆዩባቸው ደብሮች አንዷ ናት። በዚያም ሆነ በሌሎች አድባራት መጽሐፍ የሚዘጋጅበት ዘዴ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነበር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ታጥቦ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ብራና ይሆናል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ተቀምሞ ይብላላል፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መክፈቻ ይውላል። ብዕሩ ከመቃ ተቀርጾ ይሾላል። ቁም ጸሐፊው ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አብዛኞቹን በአካባቢው ያገኛል፤ አሠራራቸውንም ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይማራል።

መጽሐፍ ካለበት ደብር ወደሌለበት የሚሻገረው በመገልበጥ ነበር። ዳዊት፣ ድርሳን ወይም ገድል በውሰት መጥቶ ይገለበጣል፤ ግልባጩም በተራው ለሌላ ግልባጭ እናት ይሆናል። ሥነ ጽሑፉ ከአክሱም እስከ ሸዋ፣ ከጎጃም እስከ ወሎ የተዘረጋው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ማለት ግን መጽሐፍ ሕግ አልነበረውም ማለት አይደለም። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ መጽሐፉን የሰረቀና ጽሑፉን የፋቀ ሰው በቅዱሳን ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝ የግዝት ቃል ሰፍሮ ይገኛል። መጽሐፍ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ የቀድሞውን ስም ፍቆ የራስን መጻፍ የተለመደ ስሕተት ስለነበር፣ ግዝቱ ያለ ምክንያት የተጻፈ አልነበረም።

ይህ ቃል በጥንቃቄ ሲመረመር ሁለት ነገሮችን ይከለክላል። አንደኛው መጽሐፉን ከሚገለገልበት ማኅበር መውሰድ ነው፤ ሁለተኛው የተጻፈውን ማጥፋት ነው። መገልበጥን አይከለክልም። የገለበጠ ሰው የማንንም ንብረት እንደቀነሰ አልተቆጠረም፤ ይልቁንም ድካሙ እንደ በጎ ሥራ ይቆጠርለትና በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን አስፍሮ አንባቢ እንዲጸልይለት ይለምን ነበር።

የአገሩ የጽሕፈት ባሕል በአንድ ፊደል ብቻ የተወሰነም አልነበረም። የወሎ ዑለማ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ አጀሚ የሚባለው ይህ ነው። ከነዚህ ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ሼህ ጠልሃ ጀዕፈር በዚህ ዘዴ የጻፏቸው የአማርኛ ግጥሞች ይታወቃሉ። የዐረብኛው ፊደል ለአማርኛ ድምፆች ሁሉ የተሰናዳ ስላልነበረ፣ ጸሐፊዎቹ ያለውን ምልክት ለአዲስ ድምፅ አውለዋል። ይህን ለማድረግ ከማንም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

ያለፈውን ዘመን ማሞገስ ብቻ ግን ታሪክ አይሆንም። የድሮው ዕውቀት ሁሉ ክፍት አልነበረም። ከደብተራው የአስማት ጥቅልል እስከ መድኃኒት ቀማሚው ምስጢር ድረስ ተቆልፎ የኖረ፣ ከባለቤቱም ጋር የተቀበረ ብዙ ነገር አለ። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው ባለ እጅም ሥራው ለሁሉ እየጠቀመ ራሱ ይናቅ ነበር። በተገለበጠውና ባልተገለበጠው መካከል ያለውን ልዩነት ግን ጊዜ ፈርዶታል፤ እስከ ዛሬ የደረሰው የተገለበጠው ነው።

የእርሳስ ፊደልና የጽሕፈት መኪና

በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 ሮም ውስጥ ዮሐንስ ፖትከን ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ፊደሉን ያስተማሩት በሮም የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲሆኑ፣ የእርሳስ ቅርጾቹና ማተሚያው ግን የአውሮፓ ነበሩ። ፊደሉ የራስ፣ ማሽኑ የሌላ የሆነበት ዘመን በዚህ ተጀመረ። በአገር ውስጥ ማተሚያ ቤት ተስፋፍቶ የአማርኛ መጻሕፍትና ጋዜጣ በብዛት መውጣት የጀመሩት ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የዚህ ምዕራፍ ዋና ምልክት ነው።

የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ሆሄ የእርሳስ ቅርጽ ካለው የፊደሉ ብዛት ሥራ ያበዛበታል እንጂ አያግደውም። ችግሩ የጠነከረው የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ነው። የአውሮፓው መኪና በላቲን ፊደል ልክ የተሠራ ሲሆን፣ ሊይዝ የሚችለው ምልክት ከ90 ብዙ አይበልጥም። የአማርኛ ፊደል 33 ሆሄያት በሰባት ሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ሆሄያት፣ አኀዝና ሥርዓተ ነጥብ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ያልፋሉ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በዚህ ችግር ላይ የሠሩት ኢንጂነር አያና ብሩ፣ ዋናውን ሆሄ አንድ ቁልፍ፣ የካዕብን፣ የሣልስንና የሌሎቹን ቤቶች ቅጥያ ሌላ ቁልፍ በማድረግ አንዱን ፊደል በሁለት ምት የሚጽፍ ዘዴ ቀየሱ። የአማርኛው የጽሕፈት መኪና በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ላይ ቆሞ ከጊዜ በኋላ እንደ ኦሊቬቲ ባሉ ኩባንያዎች ተሠርቶ በየመሥሪያ ቤቱ ገባ። ቅጥያዎቹ ከሆሄው ጋር በሚገባ ስለማይገጥሙ፣ ጽሑፉ የቁም ጸሐፊን እጅ ለለመደ ዓይን የተጎሳቆለ ይመስል ነበር። ቢሆንም ለሃምሳ ዓመት ያህል የመንግሥት ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና የደራስያን ረቂቅ የተጻፈው በእርሱ ነው።

በዚህ ዘመን የተነሣ አንድ ሌላ ክርክር አለ። የጽሕፈት መኪናው ካልሰፋ ፊደሉ ይጥበብ የሚል ሐሳብ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በየጊዜው ቀርቧል። ድምፃቸው አንድ የሆኑት ሆሄያት ይቀነሱ፣ የቤቶቹ ቅጥያ አንድ ወጥ ይሁን የሚሉ ምሁራን ነበሩ። ሐሳባቸው ከትምህርት አንጻር የራሱ ክብደት ስለነበረው በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ከገፊ ምክንያቶቹ አንዱ የማሽን ጥበት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። መሣሪያው የተዘጋ በመሆኑ እርሱ የማይለወጥ፣ የሕዝብ ፊደል ደግሞ የሚለወጥ ነገር ተደርጎ ታየ። የኋላው ታሪክ እንዳሳየው ማሽኑ ሰፋ፤ ፊደሉም ሙሉውን ቆየ።

አንድ ፊደል በብዙ ቁልፍ

ኮምፕዩተር በ1980ዎቹ ወደ ጠረጴዛ ላይ በወጣ ጊዜ የግዕዝን ፊደል ያስገቡለት በአብዛኛው በውጭ አገር ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በአሜሪካ ፍሥሐ አጥላው ያቋቋሙት ዳሽን ኢንጂነሪንግ እና ዶክተር አበራ ሞላ የደከሙበት ሞድኤት ከቀደምቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። ቀጥሎም በአገር ውስጥና በውጭ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የመሳሰሉ ስሞች ተበራከቱ። የነዚህ ባለሙያዎች ውለታ ሊዘነጋ አይገባም። ገበያው አነስተኛ፣ ድካሙ ብዙ በሆነበት ጊዜ አማርኛን በኮምፕዩተር እንዲጻፍ ያደረጉት እነርሱ ናቸው፤ ለሥራቸውም ዋጋ መጠየቃቸው የሚያስነቅፍ አልነበረም።

ችግሩ ከውስጥ ነበር። የዚያን ጊዜ ኮምፕዩተር በአንድ የፊደል ሠንጠረዥ ሊቆጥር የሚችለው 256 ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ብዙውን የላቲን ፊደልና የማሽኑ ትእዛዞች ቀድመው ይዘውት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ በራሱ አደራደር ተከለ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለ፤ ሌላው ሆሄውንና ቅጥያውን ለያይቶ እንደ ጽሕፈት መኪናው ገጣጠመ። በአንዱ ፕሮግራም «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው «መ» ወይም አራት ነጥብ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓይነት እርስ በርስ የማይግባቡ አደራደሮች በደርዘን ተቆጠሩ።

ውጤቱን ለመገመት አንድ ወረዳ ማሰብ ይበቃል። በወግዲ በአንድ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በዲስክ ተጭኖ ደሴ ሲደርስ፣ በዚያ ያለው ኮምፕዩተር ያው ፎንት ከሌለው ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የነጥብ ቅልቅል ሆኖ ይታያል። አማርኛ ለሚያነብ ሰው የተጻፈ አማርኛ አይነበብም። ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ ያንኑ ፕሮግራም ማግኘት ወይም ደብዳቤውን በወረቀት አትሞ መላክ። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ሥራውን ያቆመ እንደሆነ ደግሞ በእርሱ የተቀመጠው መዝገብ፣ የተሰበሰበው ሥነ ቃል፣ የተጻፈው ጥናት ሁሉ ቁልፉ የጠፋ ሣጥን ይሆናል። የብራናው መጽሐፍ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ሲነበብ የአሥር ዓመት ዲስክ የማይነበብበት ዘመን መጣ ማለት ነው። ቁም ጸሐፊው የፈራው መፋቅ በማሽን ዘመን ያለ ምላጭ ተፈጸመ።

የተከፈተው ምንጭ

በዚሁ ጊዜ በሌላው ዓለም የተለየ አስተሳሰብ ሥር ይዞ ነበር። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠራ፣ ከዜሮክስ ኩባንያ የመጣው የሌዘር ማተሚያ እየተሰናከለ ያስቸግር ነበር። ስቶልማን ለቀድሞው ማተሚያ አድርጎት እንደነበረው ፕሮግራሙን ሊያሻሽል ቢፈልግም፣ ምንጩን እንዲያይ አልተፈቀደለትም። በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ፕሮግራሞች ሥራ አወጀ። የፈቃዱ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ማንም ሰው ሥራውን እንዲጠቀምበት፣ እንዲገለብጠውና እንዲያሻሽለው፣ ያሻሻለውን ሲያሰራጭ ግን ለቀጣዩ ሰው ያንኑ መብት እንዳይነፍገውና የሠሪዎቹንም ስም እንዳያጠፋ የሚያዝ ነው። ከቁም ጸሐፊው ግዝት ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በ1991 የፊንላንዱ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን እምብርት ጻፈ፤ ክፍት ምንጭ የሚለው መጠሪያም በ1998 ተለመደ።

ይህ አስተሳሰብ ለግዕዝ ፊደል ምን እንዳስገኘ የሚያሳይ ግልጽ ምስክር አለ። ስቶልማን የደረሰው ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ምንጩ ክፍት ነበር። ስለዚህም በጃፓን የኤሌክትሮ ቴክኒክ ላቦራቶሪ ተመራማሪ የነበሩት ታካሃሺ ናኦቶ የግዕዝን ፊደል ጨመሩበት። በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 ግዕዝን ይጽፍ ነበር። ለዚህ ሥራ የገበያ ጥናት አልተደረገም፤ የኢትዮጵያ ገዢ ምን ያህል ይከፍላል ተብሎም አልተሰላም። ፈቃደኛ ሰው ተገኘ፤ በሩም አልተቆለፈም ነበር። በገበያ የገነነው ዊንዶውስ የግዕዝን ፎንትና የአማርኛን የቁልፍ ሰሌዳ ከራሱ ጋር ይዞ የቀረበው ቪስታ በተባለው እትም በ2007 ነው።

ዋናው መፍትሔ የመጣው ግን ከአንድ ፕሮግራም ሳይሆን ሁሉም ከሚስማማበት ደንብ ነው። የዜሮክስ ባልደረባ የነበሩት ጆ ቤከር በ1988 የዓለም ፊደላት ሁሉ እያንዳንዳቸው የማይለወጥ ቁጥር እንዲኖራቸው ሐሳብ አቀረቡ፤ ዩኒኮድ የተባለውም ይኸው ነው። ማተሚያውን በዘጋው ኩባንያ ውስጥ የሠንጠረዡ በር መከፈቱ፣ የተዘጋውና የተከፈተው ሁልጊዜ በሁለት ጎራ ተለይቶ እንደማይኖር ያስረዳል። የግዕዝ ፊደል በዚህ ሠንጠረዥ ቦታ እንዲያገኝ በተደረገው ጥረት ቤከር፣ ፍሥሐ አጥላው፣ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ስማቸው ይነሣል። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶችን መዘገበ። ከዚያም በ2005 ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች፣ በ2010 ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ፣ በ2021 ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ሆሄያት ተጨመሩ። «ለ» በወግዲም፣ በደሴም፣ በቶኪዮም አንድ ቁጥር ሆነ።

ደንብ ብቻውን ዓይን አይሞላም፤ ቁጥሩ በገጽ ላይ መልክ እንዲኖረው ፎንት ያስፈልጋል። በዚህም ረገድ ለሁሉ የተፈቀዱ ሥራዎች ተገኝተዋል። ሰናምርምር በተባለው ሥራ ከተዘጋጁት ነፃ ፎንቶች አንዱ የተሰየመው በአማርኛ የፊደል ቀረጻ ጥበብ በታወቁት በይገዙ ብስራት ስም ነው። ኤስ. አይ. ኤል. የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው አቢሲኒካም የቁም ጽሕፈትን መልክ የተከተለና በክፍት ፈቃድ የሚሰራጭ ነው። የጽሕፈት መኪናው ያጎሳቆለው የፊደል ወዝ በከፊል የተመለሰው በነዚህ ሠዓሊ እጆች ነው። ኪነ ጥበብና የምንጭ ክፍትነት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ የተቆለፈ ቅርጽ አድናቂ ሊያገኝ ይችላል፣ ደቀ መዝሙር ግን አያፈራም።

በቢሮ፣ በገበያና በኪስ ውስጥ

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በየከተማው ያለ ሰው ከክፍት ምንጭ ይልቅ የተለመደውን መምረጡ ይታያል። ኮምፕዩተር የሚያስተምረው ቤት የሚያስተምረው ዊንዶውስን ነው፤ ጸሐፊዋ የተቀጠረችው ወርድን ታውቃለች ተብሎ ነው፤ የበላይ መሥሪያ ቤቱ የሚልከው ቅጽ በዚያው የተዘጋጀ ነው። ሰው ብቻውን ሌላ መንገድ ቢመርጥ ከጓደኞቹ ይለያል። ስለዚህ የብዙኃኑን ምርጫ ስንፍና ብሎ መንቀፍ አግባብ አይደለም።

ከዚህ ሌላ የኢትዮጵያን ሁኔታ የተለየ የሚያደርገው ነገር አለ። በሌላ አገር ክፍት ምንጭ ተጠቃሚ ያገኘው በከፊል ነፃ በመሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ግን ውዱም ፕሮግራም በተግባር በነፃ ይገኝ ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ ይዞራልና። የኮምፕዩተር ፕሮግራምን ጭምር የሚጠብቀው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ በኋላም ልማዱ ወዲያው አልቀረም። ሁለቱም ዋጋ የማያስከፍሉ ሲመስሉ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከዓይን ተሰወረ። ልዩነቱ ግን ከመጀመሪያውም የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ተቀድቶ የተገኘው ፕሮግራም ባለቤት የለሽ እንስሳ ነው፤ ሲታመም የሚያክመው፣ ሲጠፋ የሚፈልገው የለም፣ ተጠቃሚውም በስርቆሽ ስለያዘው ደፍሮ አይጠይቅም። ክፍት የሆነው ግን በአደባባይ የተሰጠ ስለሆነ ተቀባዩ እንዲጠይቅ ብቻ ሳይሆን እንዲያርመውም መብት አለው።

ይህ መብት በተግባር ምን ማለት እንደሆነ የጤና አገልግሎቱ ያሳያል። ዲኤችአይኤስ ሁለት የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት መነሻው ከአፓርታይድ ማብቂያ በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት በክፍት ምንጭ ይለማል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ይህንኑ ለአገር አቀፍ ሪፖርት መርጦ ሥራ ላይ አዋለው። የአገሪቱ ዘመን መስከረም አንድ የሚጀምር፣ ጳጉሜን የሚጨምርና በአሥራ ሦስት ወር የሚቆጠር ነው፤ በጀቱም ከሐምሌ ይነሣል። በአውሮፓ አቆጣጠር ብቻ የሚያስብ ፕሮግራም ለጤና ባለሙያው በየወሩ የስሌት ዕዳ ይጭንበታል። ምንጩ ክፍት በሆነው ሥርዓት ግን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊገባበት ቻለ። ፕሮግራሙ ወደ አገሩ መጣ እንጂ አገሩ ወደ ፕሮግራሙ አልሄደም።

በእጅ ስልክ በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ የረቀቀ ነው። በ2000ዎቹ ወደ ገጠር የዘለቁት ስልኮች ብዙዎቹ የግዕዝ ፊደል ስላልነበራቸው፣ ሕዝቡ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመደ። ፊደሉ በገባባቸውም ቢሆን የአጭር መልእክቱ ደንብ የላቲኑን 160 ምልክት፣ የግዕዙን ግን 70 ብቻ በአንድ መልእክት ስለሚቀበል፣ በገዛ ፊደል የጻፈ ሰው በፍጥነት ወደ ሁለተኛ መልእክት ይሻገራል። ከ2008 በኋላ የተስፋፋው አንድሮይድ በሊኑክስ እምብርት ላይ የተሠራ ነው። ስለዚህ ክፍት ምንጭ የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ የወግዲ ወጣት በኪሱ ይዞት ይዞራል። በዚያው ስልክ ላይ ያሉት ብዙዎቹ አገልግሎቶች ደግሞ የተዘጉ ናቸው። በዕለት ኑሮ ንጹሕ ምርጫ እምብዛም የለም፤ ያለው የትኛው ክፍል ክፍት፣ የትኛው ዝግ መሆኑን አውቆ መያዝ ነው።

የፊደሉም ጉዳይ ለዘለዓለም ተዘግቷል ማለት አይቻልም። የግዕዝን ፊደል በቁልፍ የማስገባት ዘዴን የሚመለከት የፈጠራ መብት በ2010ዎቹ በአሜሪካ ተሰጥቷል። በአንድ በኩል ለዓመታት የደከመ ፈልሳፊ የድካሙን ዋጋ ሊያገኝ ይገባል የሚለው ሐሳብ ፍትሕ ያለበት ነው። በሌላ በኩል አንድ ሕዝብ የገዛ ፊደሉን የሚጽፍበት መንገድ የግል ንብረት ሊሆን አይገባውም የሚለውም እንዲሁ። ቁም ጸሐፊው ለድካሙ ይከፈለው ነበር፤ የ«ሀ»ን አጣጣል ግን የእኔ ብቻ ነው አላለም።

የተከፈተ ነገር ጠባቂ ይፈልጋል

የዚህ ታሪክ ትምህርት የተከፈተው ሁልጊዜ ያሸንፋል የሚል አይደለም። ወደ አማርኛ መተርጎም ተጀምረው ሳይጠናቀቁ የቀሩ ክፍት ፕሮግራሞች አሉ። በፈቃደኞች የተሠሩ፣ ፈቃደኞቹ ሲደክሙ የተረሱ መሣሪያዎችም አሉ። የተዘጋው ፕሮግራም ጠባቂው ደመወዝ ስላለው ይቆያል፤ የተከፈተው ጠባቂ ካላገኘ አጥር እንደሌለው ማሳ ይሆናል። ሞፈሩን መጠገን የሚችለው ገበሬ ካልጠገነው የመጠገን መብቱ ብቻውን እርሻ አያርስም። በዩኒቨርሲቲዎች፣ በመካነ ሰላም ካምፓስ ያለውን የመቅደላ አምባን ጨምሮ፣ ኮምፕዩተር የሚማሩ ወጣቶች የሚጠብቃቸው ጥሪ ይህ ነው። ከተዘጋው የሚማሩት መጠቀምን ነው፤ ከተከፈተው ግን መሥራትን ይማራሉ። በቃል የሚነገረው የወሎ ግጥምና መንዙማ፣ በየደብሩና በየመስጊዱ ያለው ጽሑፍ ተቀርጾ ሲቀመጥ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚነበብ እንዲሆን የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ሁሉም የሚከፍተው ደንብ ነው።

የአንድ መዝገብ ዕድሜ የሚወሰነው በሚጻፍበት ዕለት ነው። በአማራ ክልል ከ2003 ገደማ ጀምሮ ለገበሬው የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የልጆች የትምህርት ውጤት ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ኮምፕዩተር እየገባ ነው። የወግዲ ገበሬ የልጅ ልጅ የአያቱን የመሬት ወሰን ለማየት በፈለገ ጊዜ፣ መዝገቡን የሚከፍተው ራሱ ጽሕፈት ቤቱ ይሁን ወይም ከባሕር ማዶ ፈቃድ የሚሰጥ ኩባንያ የሚወሰነው ዛሬ መዝገቡን በሚያዘጋጁት ሰዎች ምርጫ ነው። የጥንቱ ቁም ጸሐፊ የመጨረሻውን መስመር ጽፎ ሲጨርስ ግዝቱን አኖረ፤ አትስረቁ፣ አትፋቁ አለ። መገልበጡን ለመጪው ትውልድ ተወለት።